ያልተጠየቀ ተቀናሽ



አገራችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች። ለብዙ ነገር መልካም ምክር ነው፤ በታክስ ወቅት ግን ዝም ያለ ሰው ገንዘቡን ያጣል። የገቢያችን ወረቀት ከአሠሪያችን፣ ከባንካችን፣ ከኡበር በቀጥታ ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ይደርሳል። አብዛኛውን የወጪያችንን ወረቀት ግን ማንም አይልክለትም። ለሥራ ስንት ማይል እንደነዳን፣ ለሞግዚት ስንት እንደከፈልን፣ እናታችንን ማን እንደሚጦር የምናውቀው እኛው ነን። ገቢያችን ሳንናገር ይታወቃል፤ ተቀናሻችን ካልተናገርን አይታወቅም። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ አይወጣም።

የምናገረው በ2026 ስለምናስገባው የ2025 ሒሳብ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የማስገቢያው ቀን ሚያዝያ ወር ላይ፣ ኤፕሪል 15 ነው።

አስቀድመን ሁለት ነገር እንለይ። ተቀናሽ የሚባለው ታክስ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ይነሣል፤ ክሬዲት ደግሞ ከታክሱ ከራሱ ላይ። በ12 በመቶ እርከን ላለ ሰው የ1,000 ዶላር ተቀናሽ 120 ዶላር ያተርፍለታል፤ የ1,000 ዶላር ክሬዲት ግን ሙሉ 1,000 ዶላር። አንዳንዱ ክሬዲት ታክሱን ዜሮ አድርሶ የተረፈውን በእጅ ይሰጣል። የሚረሱት ሁለቱም ስለሆኑ ሁለቱንም አነሣለሁ።

ለ2025 ላላገባ ሰው 15,750 ዶላር፣ ለቤተሰብ አስተዳዳሪ 23,625 ዶላር፣ በጋራ ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር ያለ ምንም ደረሰኝ ይቀነሳል። ስታንዳርድ ዲዳክሽን የምንለው ይህ ነው። ብዙ ሰው «እኔ ስታንዳርዱን ወስጃለሁ፤ ሌላ የሚቀነስልኝ የለም» ይላል። የመጀመሪያው ኪሳራ እዚህ ላይ ነው። ከስታንዳርዱ ጎን ለጎን የሚወሰዱ ብዙ ተቀናሾች አሉ። ዛሬ ከማነሣቸው አብዛኞቹ እነዚያ ናቸው።

ከሹፌሮች ልጀምር፤ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ታክሲን አንሥቶ ኢትዮጵያዊን አለማንሣት አይቻልም። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት ታክስ አለበት። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው የገቢ ታክስ ነው። ሌላው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 በመቶ ነው፤ ተቀጣሪ ከሆናችሁ ግማሹን አሠሪው ይከፍልላችኋል፣ ሹፌር ከሆናችሁ ግን ሙሉው የእናንተ ነው። ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ ይህን ሁለተኛውን ታክስ አይነካም። የሚቀንሰው በስኬጁል ሲ፣ በግል ሥራ ሒሳብ ፎርም፣ ላይ የሚጻፍ የሥራ ወጪ ብቻ ነው። ገቢው ትንሽ የሆነ ሹፌር «የገቢ ታክስ ስለማይደርስብኝ ወጪዬን ባልጽፍስ» ሲል የሚጎዳው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው የሚረሳ ወጪ ኩባንያው ራሱ የወሰደው ገንዘብ ነው። ኡበር ወይም ሊፍት በሚልኩት 1099-ኬ የተባለ የገቢ ወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር ወደ ባንካችሁ የገባው አይደለም፤ ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ሒሳብ ነው። ኮሚሽኑና ልዩ ልዩ ክፍያው በውስጡ አለ። ለምሳሌ ወረቀቱ 62,000 ዶላር ቢል፣ ከዚያም ውስጥ 16,000ው የኩባንያው ድርሻ ቢሆን፣ ያን 16,000 ዶላር በወጪነት ካልጻፋችሁ እጃችሁ ባልገባ ገንዘብ ላይ ታክስ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ዝርዝሩ በመተግበሪያው ውስጥ፣ በዓመቱ የታክስ ማጠቃለያ ላይ ይገኛል። ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው 1099ኙን ብቻ ሰጥታችሁ ማጠቃለያውን ቤት ከተዋችሁት፣ ያን ወጪ ከየትም ሊያመጣው አይችልም።

ሁለተኛው ማይል ነው። ለ2025 ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነስበታል። ሰው አሳፍራችሁ የነዳችሁት ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ ጥሪ ተቀብላችሁ ወደ ተሳፋሪው የሄዳችሁበትና መተግበሪያውን ከፍታችሁ ሥራ ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር የተዘዋወራችሁበትም ይገባል። ከቤት ተነሥታችሁ ወደ መጀመሪያው የሥራ ቦታ፣ ማታም ወደ ቤት የምትነዱት ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ መመላለሻ ስለሚታይ አይቆጠርም። ኩባንያው የሚልከው የማይል ድምር መነሻ ሊሆን ይችላል፤ የራሳችሁን መዝገብ ግን አይተካም። ቀኑ፣ ከየት ወዴት፣ ለምን ሥራ፣ ስንት ማይል የሚል መዝገብ በወቅቱ መያዝ አለበት። በደብተርም ይሁን በስልክ፣ ሁለቱም ይሠራሉ። 5,000 ማይል ሳይመዘገብ ቢቀር 3,500 ዶላር ተቀናሽ ቀረ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ ታክስ ብቻ ወደ 495 ዶላር ይደርሳል፤ የገቢ ታክሱ ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል።

በማይል ሒሳብ የሚሠራ ሰው ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ለብቻ መቀነስ አይችልም፤ በ70 ሳንቲሙ ውስጥ ናቸው። የቶል መንገድ ክፍያና ለሥራ የተከፈለ ፓርኪንግ ግን ከማይሉ ውጭ ለብቻ ይቀነሳሉ። የመኪናው ብድር ወለድም ለሥራ በዋለው መጠን ይቀነሳል። የስልኩ ወጪ የሥራው ድርሻ፣ የፈቃድ ክፍያ፣ ለተሳፋሪ የምታቀርቡት ውኃም እንዲሁ። የትራፊክ ቅጣት ግን በምንም መንገድ አይገባም።

ከስኬጁል ሲ ከወጣን በኋላም ገና አልጨረስንም። ከዚያ ከ15.3 በመቶው ታክስ ግማሹ ከገቢያችሁ ላይ ይቀነሳል። የጤና ኢንሹራንስ በራሳችሁ የምትገዙ ከሆነ፣ ከመንግሥት ድጎማ በኋላ ከኪሳችሁ የወጣው ይቀነሳል። ከተጣራው የሥራ ትርፍ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሌላ ተቀናሽም አለ፤ በ2017 በወጣው ሕግ የመጣና በ2025ቱ ሕግ ቋሚ የሆነ ነው። ለጡረታ የሚሆን ሴፕ አይአርኤ የሚባለውን ሒሳብ ደግሞ ዓመቱ ካለፈም በኋላ ታክሱ እስኪገባ ድረስ ከፍቶ ገንዘብ ማስገባትና ለ2025 መቀነስ ይቻላል።

አሁን ወደ ነርሶች፣ ወደ ሆም ኬር ሠራተኞች፣ ወደ ፓርኪንግና ወደ ሬስቶራንት ሠራተኞች ልምጣ። ደስ የማይለውን ነገር ላስቀድም፦ ደብልዩ-2 የተባለው የደመወዝ ወረቀት ያለው ተቀጣሪ ዩኒፎርም፣ የሥራ ጫማ፣ የፈቃድ ማሳደሻ በፌዴራል ታክስ ላይ መቀነስ ከ2018 ጀምሮ አይችልም፤ የ2025ቱም ሕግ ይህን አጽንቶታል። «ዩኒፎርምህን አስገብቼልሃለሁ» የሚል ሰው ካለ ፎርሙን አሳየኝ በሉት።

የሚያስደስተው ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ይኸው ሕግ ያመጣው ነው። ከ2025 እስከ 2028 የኦቨርታይም ጭማሪ እስከ 12,500 ዶላር፣ በጋራ ለሚያስገቡ እስከ 25,000 ዶላር ይቀነሳል። የሚቀነሰው ግን ጭማሪው ብቻ ነው። በሰዓት 24 ዶላር የሚከፈላት ነርስ ለኦቨርታይም 36 ካገኘች፣ የሚቀነሰው 12ቱ ነው፤ 300 ሰዓት ሠርታ እንደሆነ 3,600 ዶላር ይሆናል። በፌዴራሉ የሥራ ሕግ መሠረት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ ሥራ የተከፈለ መሆን አለበት። የ2025ቱ ደብልዩ-2 ይህን ለብቻ ላይጽፍ ስለሚችል የደመወዝ ስሊፓችሁን፣ በተለይ የዲሴምበር መጨረሻውን፣ አትጣሉ። ቲፕም እስከ 25,000 ዶላር ይቀነሳል፤ አስተናጋጆች፣ የቫሌት ፓርኪንግ ሠራተኞች፣ የታክሲና የኡበር ሹፌሮች ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሹፌር ከሆናችሁ ከተጣራ ትርፋችሁ መብለጥ አይችልም። ያገባ ሰው ከሁለቱ የትኛውንም ለማግኘት ከትዳር አጋሩ ጋር በጋራ ማስገባት አለበት፤ ገቢያቸው ከፍ ላለ ሰዎችም ተቀናሹ ያንሳል። ሁለቱም ስኬጁል 1-ኤ በሚባለው አዲስ ፎርም ላይ ይጻፋሉ፤ ፎርሙ ከሌለ ተቀናሹም የለም።

ሲረሳ ሳይ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ ነው። ከእኛ መካከል ያረጀች እናቱን፣ የታመመ አባቱን ወይም የአካል ጉዳት ያለበትን ልጁን እዚያው አብሮ በሚኖርበት ቤት እየተንከባከበ በሜዲኬድ ፕሮግራም የሚከፈለው ብዙ ሰው አለ። አይአርኤስ በ2014 ባወጣው ማስታወቂያ፣ በቁጥር 2014-7፣ ተንከባካቢውና ተጧሪው አንድ ቤት የሚኖሩ ከሆነ እንዲህ ያለው የሜዲኬድ ዌይቨር ክፍያ ከገቢ ታክስ ነፃ ነው ብሏል። ክፍያው በደብልዩ-2 ላይ ተጽፎ ቢመጣም እንኳ ነፃ መሆኑ አይቀርም። የታክስ ፍርድ ቤት በ2019 ደግሞ ይኸው ገንዘብ የሠራተኛ ገቢ ክሬዲት (ኢአይቲሲ) ለሚባለው እንደ ሥራ ገቢ ሊቆጠር እንደሚችል ወሰነ፤ አይአርኤስም ተቀበለው። ወረቀቱን እያየ እንዲሁ በገቢ መስመር ላይ የሚጽፍ ሠሪ ቤተሰቡን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያሳጣው ይችላል። «የምጠብቃት እናቴን ነው፤ የምንኖረው አንድ ላይ ነው» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ሁሉን ይለውጣል።

ስለ ቤተሰብ ካነሣን፣ ብዙ ገንዘብ ያለበት የቤተሰብ ሁኔታችን የሚጻፍበት ክፍል ነው። ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ራሷን «ያላገባች» ብላ ካስገባች የ7,875 ዶላር ተቀናሽ ትታለች ማለት ነው፤ መጻፍ ያለባት «የቤተሰብ አስተዳዳሪ» ብላ ነው። ሚስቱ ወይም ባልዋ ገና ኢትዮጵያ ሆነው ቪዛ የሚጠብቁ ሰው ደግሞ ራሱን «ያላገባ» ማለት አይችልም፤ ሕጉ ባለትዳር ነው የሚለው። ግን ሁለት መንገድ አለው። አብሮት የሚኖር የሚጦረው ልጅ ካለ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ሊሆን ይችላል። ወይም ሁለቱ ተፈራርመው፣ አገር ቤት ያለችው ሚስት እንደ ነዋሪ እንድትታይ መርጠው፣ በጋራ አስገብተው 31,500 ዶላሩን መውሰድ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የእሷም የአገር ቤት ገቢ ይጻፋል፤ የታክስ ቁጥር ስለሚያስፈልጋት ፎርም ደብልዩ-7 ከፓስፖርቷ ጋር ይገባል። የትኛው እንደሚሻል ማወቅ የሚቻለው ሁለቱንም በቁጥር አስልቶ ነው።

እናትና አባታቸውን በግሪን ካርድ አምጥተው የሚጦሩ ደግሞ ብዙ ናችሁ። ወላጅ በ2025 የነበራቸው ታክስ የሚታሰብበት ገቢ ከ5,200 ዶላር በታች ከሆነ፣ ከኑሯቸው ወጪም ከግማሽ በላይ የምትሸፍኑት እናንተ ከሆናችሁ፣ በዲፔንደንትነት ይጻፋሉ፤ 500 ዶላር ክሬዲት አለው። ያላገባ ልጅ በወላጁ ምክንያት የቤተሰብ አስተዳዳሪም ሊሆን ይችላል፤ ወላጅ ለብቻቸው ቢኖሩም እንኳ የቤታቸውን ወጪ ከግማሽ በላይ እሱ ከቻለ። ሦስት አራት ወንድማማቾች ተዋጥተው የሚጦሩ ከሆነስ? አንዳቸውም ብቻቸውን ግማሹን ባይሞሉም፣ በጋራ ከግማሽ በላይ ካዋጡ፣ ከ10 በመቶ በላይ ያዋጣ አንዱ ሌሎቹ በጽሑፍ ፈቅደውለት ፎርም 2120ን አያይዞ ወላጁን መጻፍ ይችላል። በየዓመቱ ተራ መግባትም ይቻላል። እኛ እንደ እቁብ የምናውቀውን ተራ አሜሪካም በፎርም ታውቀዋለች።

65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናችሁ ከ2025 እስከ 2028 ድረስ 6,000 ዶላር ተጨማሪ ተቀናሽ አላችሁ፤ ገቢው ላላገባ ከ75,000፣ በጋራ ለሚያስገቡ ከ150,000 ዶላር ሲያልፍ ይቀንሳል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። አይአርኤስ ራሱ እንደሚለው ለሠራተኛ ገቢ ክሬዲት ብቁ ከሆኑት አምስት ሰዎች አንዱ ያህል አይጠይቀውም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ላሉት ለ2025 እስከ 8,046 ዶላር ይደርሳል። ሥራ ለመሄድ ብላችሁ ለሞግዚት፣ ለዴይኬር፣ በበጋም ለቀን ካምፕ የከፈላችሁት ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ወጪ ድረስ ክሬዲት ይታሰብበታል፤ የተቀባዩን ስምና የታክስ ቁጥር ግን መስጠት ግድ ነው። ኮሌጅ የሚማር ልጅ ካላችሁ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርሰው ክሬዲት የመጻሕፍት ወጪንም ያካትታል፤ መጽሐፉ ከትምህርት ቤቱ ባይገዛም። የተማሪ ብድር ወለድ እስከ 2,500 ዶላር ይቀነሳል። በደመወዙ ላይ 401-ኬ የሚያስቆርጥ፣ ገቢው መካከለኛና ዝቅ ያለ ሠራተኛ በፎርም 8880 እስከ 1,000 ዶላር የቁጠባ ክሬዲት ሊያገኝ ይችላል፤ ፓርኪንግ ላይ የሚሠሩ ብዙ ልጆች ይህን ስሙንም አይሰሙትም። ለልጆች ትምህርት 529 ሒሳብ ውስጥ የምታስገቡት በስቴቱ ታክስ ላይ ይቀነሳል፦ በቨርጂኒያ በአንድ ሒሳብ እስከ 4,000፣ በሜሪላንድ በአንድ ልጅ እስከ 2,500 ዶላር።

ቤት የገዛችሁ ደግሞ ዘንድሮ ሒሳባችሁን እንደገና አስሉ። የስቴት ታክስና የቤት ግብር ተደምረው ከ10,000 ዶላር በላይ አይቀነሱም ነበር፤ ለ2025 ጣሪያው 40,000 ሆኗል። የሜሪላንድ ሰዎች የካውንቲ የገቢ ታክስም አብሮ ይገባላችኋል። ይህ ከሞርጌጅ ወለድና ከቤተ ክርስቲያን ስጦታ ጋር ሲደመር ከ31,500 ዶላር የሚያልፍባቸው ቤተሰቦች አሁን ብዙ ናቸው። ለአሥራትና ለስለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የተጣለ ጥሬ ገንዘብ ማስረጃ የለውም። በቼክ ወይም በካርድ ስጡ፤ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ስጦታ ደግሞ ከአስተዳደሩ ደብዳቤ ተቀበሉ። ከ2026 ገቢ ጀምሮ ስታንዳርዱን የሚወስዱም እስከ 1,000፣ በጋራ የሚያስገቡ እስከ 2,000 ዶላር የገንዘብ ስጦታ መቀነስ ይችላሉ፤ ስለዚህ የዚህ ዓመት ደረሰኝ ከአሁኑ ይያዝ።

አዲስ አበባ ያከራያችሁት ቤት ካለ፣ አሜሪካ የዜጋዋንና የግሪን ካርድ ባለቤቱን ገቢ ከየትም አገር ቢመጣ ትጠይቃለች። ፈርቶ የሚደብቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ጥፋቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሚገባውንም ተቀናሽ ያጣልና። የጥገናው፣ የደላላው፣ የጠባቂው ወጪ ይቀነሳል፤ ቤቱ ራሱም ከ2018 ወዲህ መከራየት የጀመረ ከሆነ ዋጋው በ30 ዓመት ተከፋፍሎ በእርጅና ተቀናሽ ይያዛል። ለኢትዮጵያ ገቢዎች መሥሪያ ቤት የከፈላችሁት የኪራይ ግብር በአብዛኛው በፎርም 1116 እንደ ክሬዲት ይታሰባል። የግብሩን ደረሰኝ አስልኩ። አገር ቤት ያሉ የባንክ ሒሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ ከ10,000 ዶላር አልፎ ከነበረ፣ ከታክሱ ሌላ ኤፍባር የሚባል ሪፖርት እንዳለ አትርሱ።

የማይቀነሰውንም ግልጽ ላድርግ፤ ሐሜቱ ብዙ ነውና። ለቤተሰብ ወደ አገር ቤት የተላከ ገንዘብ አይቀነስም። ኢትዮጵያ የሚኖሩ ወላጆች፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ካልሆኑ በቀር፣ ዲፔንደንት አይሆኑም፤ የቱንም ያህል ብንልክላቸው። አገር ቤት ላለ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የተላከም አይቀነስም። እቁብ ቁጠባ ነው፣ የእድር መዋጮም ስጦታ አይደለም። የሌላ ሰው ልጅ ተውሶ መጻፍ፣ ያልተነዳ ማይል መጨመር ደግሞ ተቀናሽ ሳይሆን ማጭበርበር ነው፤ ፈርማችሁበት ከሆነ ተጠያቂው ሠሪው ብቻ አይደለም።

በ1934 ለርነድ ሃንድ የተባሉ ታዋቂ ዳኛ ማንም ሰው ታክሱ እንዲያንስ ጉዳዩን ማደራጀት እንደሚችል፣ ሕጉ ከሚለው በላይ የመክፈል ግዴታም እንደሌለበት ጽፈዋል። እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ያን በጻፉበት በዚያው መዝገብ ግን ወይዘሮ ግሪጎሪ በተባሉት ባለጉዳይ ላይ ፈርደዋል፤ በወረቀት ብቻ የተሠራ፣ እውነተኛ ሥራ የሌለበት ነገር ይዘው ስለቀረቡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1935 አጸናው። መብቱም ወሰኑም አንድ ፍርድ ውስጥ ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ፎርሙ ላይ በስሙና ፒቲን በሚባለው የታክስ ሠሪነት ቁጥሩ እንዲፈርም ጠይቁ፤ ገንዘብ ተቀብሎ የማይፈርም ሠሪ ሕግ ይጥሳል። ሪፈንዱን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ፤ «ስኬጁል ሲዬ ላይ ስንት ማይል ጻፍክ? የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያላልከኝ ለምንድን ነው? ስኬጁል 1-ኤ አለ?» በሉ። አቅማችሁ ካልፈቀደ ቪታ በሚባለው ፕሮግራም በነፃ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ያለፈው ዓመት ተረስቶ እንደሆነም አልመሸም፤ በፎርም 1040-ኤክስ ካስገባችሁበት ቀን አንሥቶ እስከ 3 ዓመት ድረስ ማረምና ገንዘቡን መጠየቅ ይቻላል። የሦስቱን ዓመት ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታችሁ ዛሬ ከሰማችሁት ጋር አመሳክሩት።

ሕጉ የሰጠንን ሙሉውን እንጠይቅ፤ ያልሰጠንን አንንካ፤ ለሁለቱም የምንቆምበት ማስረጃ በእጃችን ይኑር።